የአንድ ካርድ አራት ዋጋ

ጥቅምት 6

ኮምፒውተሩ ዛሬም ደርቆ ቀረ። ለአንድ አርክቴክት የምሠራውን የክሊኒክ ፕላን፣ ደረጃውን እየሳልኩ ነበር። ስክሪኑ መጀመሪያ በአረንጓዴ መስመር ተሞላ፣ ከዚያ ጭልም አለ። ጠጋኙ ጋ ወሰድኩት። ገና ክዳኑን ሳይከፍት አሸተተው።

"ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል። አለቀለት" አለኝ፣ ለቅሶ ሊደርስ እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ ማልቀስ አማረኝ።

ያለሱ ፕላን መሳል አልችልም። ክሊኒኩን በወሩ መጨረሻ ካላስረከብኩ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

"ውጭ ዘመድ የለሽም? እዛ ርካሽ ነው።"

አለኝ እንጂ... ግን እውነት ርካሽ ነው?

ጥቅምት 7

አክስቴ ካለችበት አገር ዋጋ ላከችልኝ። ከኛ በግማሽ ያንሳል! ደስታዬን ሳልጨርስ ደወለች። "ታክሱ የለበትም የኔ ልጅ፣ እሱን ስትከፍዪ ነው የሚጨምሩት።" ለምን? ዋጋ ከሆነ ዋጋውን አይጽፉትም እንዴ? ታክሱን ደመርኩ፣ ማጓጓዣውን ደመርኩ፣ ጉምሩኩን ደመርኩ... እዚሁ ከሚሸጠው በለጠብኝ። የተሳሳትኩ መሰለኝና እንደገና ደመርኩ። ባሰበት።

ለጩጬም ጻፍኩለት። ታናሽ ወንድሜ ነው። ሠላሳ አልፎት፣ ሰው አገር ባንክ ቤት ተቀጥሮ፣ ሱፍ ለብሶም እኛ ቤት ጩጬ ነው። "አይቼ እልክልሻለሁ እታለም" አለ።

ጥቅምት 9

ፎቶ ላከ። ካርዱ መደርደሪያ ላይ፣ ከሥሩ ዋጋው። እሱ ባለበት አገር ገንዘብ አስቤ ወደ ብር መነዘርኩት... ከአንድ ጫማ ዋጋ አይበልጥም! ሌላ ምንም አልጻፈም።

ለጠጋኙ አሳየሁት። ሳቀ። "በዚህ ዋጋማ ለኔም ሁለት ይላክልኝ።" ከዚያ ሳቁን ተወት አድርጎ "ተመሳስሎ የተሠራ እንዳይሆን" አለኝ። አሁን ማንን ልመን?

ጥቅምት 10

ፎቶውን አሰፋሁት። ከቁጥሩ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ጩጬ ያለበት አገር ገንዘብ መለያ አይደሉም። የጎረቤት አገር ናቸው። በዚያኛው ስመነዝረው ደግሞ ካርዱ ከሁሉም ይወደዳል። ጠፋብኝ።

የሱቁን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ጩጬ ባለበት አገር ቅርንጫፍ የለውም።

ለሽርሽር ተሻግሮ ይሆን? በሥራ ቀን? ወይስ ፎቶውን ከሆነ ቦታ አውርዶት ነው? ግን ጠርዙ ላይ አውራ ጣቱ ይታያል። ልጅ ሆኖ በር የጨፈለቀው ጥፍር... የሱ ነው።

እናቴ ስልኳ ላይ የጩጬን ከተማ አየር ሁኔታ ስታይ ነበር። "ዛሬ እዛ ዝናብ ነው፣ ጃንጥላ ያዝ በይው።" እሺ አልኳት። የትኛው አገር ላለው ጩጬ ነው የምነግረው?

ጥቅምት 11

"ይሄ ገንዘብ የየት አገር ነው?" ብዬ ጻፍኩለት። አይቶታል። አልመለሰም።

ጥቅምት 13

ደወለ።

"እታለም፣ እማዬ አጠገብሽ ናት?"

"ገበያ ወጥታለች። የት ነህ አንተ?"

ከኋላው የካርቶን ፕላስተር ሲላጥ ይሰማል።

"ባንኩ ሠራተኛ ቀነሰ። የመኖሪያ ፈቃዴ ደግሞ ከሥራው ጋር የተያያዘ ነበር... ጓደኛዬ ጋ ተሻገርኩ።"

"መቼ?"

"ቆየሁ።"

"ሱቁስ?"

"የምሠራበት ነው። ዕቃ አወርዳለሁ፣ እደረድራለሁ። ያንን ካርድ እዛ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ወይስ ስቄያለሁ? አላስታውስም።

"ታዲያ ፎቶ ምን አስላከህ? ዝም ብለህ አንድ ቁጥር አትነግረኝም ነበር?"

"እንጃ... ልዋሽሽ ነበር። ስንት ብዬ እንደምዋሽሽ ጠፋኝ።"

ተናደድኩ። አንጀቴንም በላው። የቱ እንደቀደመ አላውቅም። በእያንዳንዱ የስልክ ጥሪ ስለ ባንኩ ሲያወራን... ያን ሁሉ ከየት እያመጣ ነበር?

"ለእማዬ እንዳትነግሪያት።"

"አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ።"

ጥቅምት 14

ዛሬ ምንም አልሠራሁም። እናቴ "ምን ሆነሻል?" አለችኝ። "ካርዱ" አልኳት። ውሸት ነው? ውሸትም አይደለም።

ጥቅምት 17

ከጠጋኙ ያገለገለ ካርድ ገዛሁ። እንደ ወፍጮ ይጮኻል፣ ግን ይሠራል። "ከየት አገር የመጣ ነው?" አልኩት። "እሱን አትጠይቂኝ" አለ።

ጥቅምት 20

ጩጬ ደወለ። "ስጫት" አለኝ። ስልኩን ለእናቴ ሰጥቼ ወጥ ቤት ገባሁ። እንዳልሰማ ብዬ ቧንቧውን ከፈትኩ። ከዚያ ልስማ ብዬ ዘጋሁት።

"ምን ትሸከማለህ?" ስትል ሰማሁ። ቆይታ ደግሞ፣ "ይከብዳል?"

ስወጣ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። አላለቀሰችም።

"አንቺ መቼ አወቅሽ?"

"ካርዱን ስጠይቀው።"

ስልኩን ከጭኗ አንስታ መስኮቱ ላይ አስቀመጠች። "ለወገቡ ቀበቶ ያስፈልገዋል። ያንን ሰፊውን፣ ዕቃ አውራጆች የሚያስሩትን።" ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ "እዚህ ነው እዛ የሚረክሰው?"



ጥቅምት 27

ክሊኒኩን አስረከብኩ። አርክቴክቱ አንድ በር ብቻ አዛወረብኝ። እንዲህ የቀለለ ቀን ካየሁ ሰነበትኩ።

ወደ ቤት ስመጣ ጩጬ ደወለ። ስለ ካርዱ ጠየቀኝ፣ ስለ እማዬ ጠየቀኝ። ልንሰናበት ስንል፣

"እታለም፣ እዛ አንድ ክፍል ኪራይ ስንት ገብቷል?"

"ለማን?"

"እንዲያው ነው... ለማወዳደር።"

ጎረቤታችን ክፍሏን ያከራየችው ባለፈው ሳምንት ነው። ዋጋውን አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ቀንሼ ነገርኩት።