በአባባ በረት ውስጥ የፈተንኩት ፈተና

ለውድ ወንድሜ ለዊብረን፣

እንደምን ከርመሃል? የአንተ፣ የሎሬይን፣ የልጆቹ ጤና እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ ወይ? ላሞቹ ወልደው ጨረሱ? እናንተ ዘንድ ኒውዚላንድ አሁን ጸደይ ነውና ሣሩ ለምልሞልህ፣ አንተም ቀና ብለህ የምትተነፍስበት ጊዜ አግኝተህ ይሆናል ብዬ እየተመኘሁ ነው የምጽፍልህ። የእኛን ጤና ከጠየቅኸኝ ሁላችንም ደህና ነን። አባባም እማማም ይበላሉ፣ ይተኛሉ፣ በብስክሌታቸው ገበያ ይወጣሉ። ዝናቡ ግን አላባራ ብሎ ቦዩ ሁሉ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የጎረቤት ዳክዬዎች ጓሯችን ድረስ እየዋኙ ይመጣሉ።

ይህን በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ «ሃሎ» ስትል እኔ ስለ ዝናቡ ማውራት እጀምርና ሳልነግርህ እዘጋዋለሁ። አፍሬ ነው ወንድሜ። ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ «አባባ አብቅቶላቸዋል» ብዬ የላክሁልህ መልእክት ስህተት ነበር። አንተ እኔን አምነህ ለአባባ ወዳጅ ለጋሽ ዱርክ ጻፍክ፤ ጥፋቱ ግን የአንተ አይደለም። እንዴት እንደሆነ ልንገርህና አንተው ፍረድ።

በኦገስት ደውለህልኝ ያልከውን ታስታውሳለህ። አባባ በዚህ ዕድሜያቸው ያቺን ትንሽ አውሮፕላን ብቻቸውን ይዘው መነሳታቸው እንቅልፍ እንደነሳህ ነገርከኝ። «አንቺ ፈታኝ ነሽ፤ እንዳያውቁብሽ አድርገሽ እያቸው» አልከኝ። እኔም እሺ አልኩ። አብራሪዎችን ከኋላ ተቀምጬ ስፈትን ዓመታት ስላለፉኝ እንደ ቀላል ነገር ነው ያየሁት። «አባባ፣ አሁንም ብቻዎን ይበራሉ?» ብሎ ፊት ለፊት መጠየቅ ለምን እንዳልታየኝ ሳስበው ይገርመኛል። ግን የእኛን ቤት ታውቀዋለህ፤ እርስ በርስ መጠየቅ አልለመደብንም። የዕረፍት ሳምንቴን ያዝኩና «እንዲሁ ናፍቃችሁኝ ነው» ብዬ መጣሁ።

በረቱን አባባ ከጨረሱት ወዲህ አላየኸውም። ድሮ ላሞቹ ይታለቡበት በነበረው ቦታ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ የገዙት የአሮጌ አውሮፕላን አፍንጫ ከነአብራሪው ክፍሉ ቆሟል። ከመስኮቱ ፊት ጎበጥ ያለ ነጭ ግድግዳ ሠርተዋል፤ ሰማዩም፣ ማኮብኮቢያውም፣ ደመናውም ከኮምፒውተሩ እየወጣ እዚያ ላይ ይታያል። የጎማ ማውረጃው እጀታ የእማማ የወጥ ቤት መሳቢያ እጀታ ነው፤ እማማ እስከ ዛሬ መሳቢያውን የሚከፍቱት በቢላ ጫፍ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ነገር እንዳይመስልህ። ገብተህ ስትቀመጥ እጅህ ራሱ የሚሄድበትን ያውቃል።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱ የአባባ ወዳጆች ይመጣሉ። ጋሽ ዱርክን ታውቃቸዋለህ፤ የጦር ጄት አብራሪ የነበሩት፣ አሁን የበረራ ክበቡ ሊቀመንበር የሆኑት። ሌላው ጋሽ ጎሴ ናቸው፤ እሳቸው ገና ጡረታ አልወጡም፣ ትልቅ የጭነት አውሮፕላን ካፒቴን ናቸው። ሳምንቱን ሙሉ ከአህጉር አህጉር ሲያበሩ ሰንብተው በዕረፍት ቀናቸው ደግሞ እኛ በረት መጥተው ይበራሉ። እማማ «ዳቦ ጋጋሪ በዕረፍቱ ቀን ዳቦ ቤት ይሄዳል እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። ጋሽ ጎሴ የመለሱላቸውን እኔም ሰምቻለሁ።

«ፍራውኬ፣ ሥራ ላይ እኮ የሚያበረው ማሽኑ ነው፤ እኔ ቡናዬን ነው የምጠጣው። በዓመት ሁለቴ ደግሞ እንደ ልጅሽ ያለ አንዱ ከኋላዬ እጁን አጣምሮ ስህተቴን ይለቅማል። እዚህ ብሳሳት ማን ምን ይለኛል?»

በበረቱ በር ላይ በእጃቸው ጽፈው የሰቀሉት ሰሌዳም አለ፤ «ላም ይገባል፣ ፈታኝ አይገባም» ይላል። እኔ ስመጣ በሩ ላይ አቆሙኝና ሦስቱም ተመካከሩ። «ለዛሬ እንደ ላም ቆጥረን እናስገባሻለን» አሉኝ። ሳቅሁ፤ ገባሁም።

ዊብረን፣ እነዚያን ሽማግሌዎች ብታያቸው። አባባ በአንድ እጃቸው ሰናፍጭ የተቀባ አይብና ዳቦ ይዘው በሌላው ያበራሉ። ጋሽ ዱርክ አፍንጫቸውን ይዘው የአውሮፕላን ማረፊያ ማማ ተቆጣጣሪ ይሆናሉ፤ «እናንተ የላም በረት፣ ፈቃድ የላችሁም፣ ተመለሱ» ይሉና አባባ «አልሰማንም፣ ላሟ እየጮኸች ነው» ብለው ይመልሳሉ። በመንደራችን ቤተ ክርስቲያን ሰዓት አጠገብ ዝቅ ብለው ሲያልፉ ጋሽ ጎሴ «ቄሱን ቀሰቀስነው» አሉ። ተሳሳቱ፣ ተሳሳቁ፣ ዘፈኑ። እኔም ተራ ደርሶኝ አበረርኩ። ለደስታ ብዬ ካበረርኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ እዚያ ነው ትዝ ያለኝ፤ የመጣሁበትንም ጉዳይ ለጥቂት ጊዜ ረስቼው ነበር። ምነው እንደረሳሁት በቀረሁ።

የአየሩ ጠባይና የሚበላሸው ነገር የሚታዘዝበትን ትንሽ ሰሌዳ እኔ ጭን ላይ አስቀምጠውታል። «ጭጋግ ስጪን» አሉኝና ሰጠኋቸው። አባባ ከመሬት ተነሱ። ገና ጥቂት ከፍ እንዳሉ ማንም ሳይነግረኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ የግራውን ሞተር አጠፋሁባቸው። በሥራችን ይህ የፈተናዎች ሁሉ ፈተና ነው። አብራሪው ወዲያው በእግሩም በእጁም አውሮፕላኑን ማቅናት አለበት፤ አባባ በሥራ ዘመናቸው ከቁጥር በላይ ተፈትነውበታል። በዚያ ቅዳሜ ግን የግራው ሞተር ጠቋሚ መርፌዎች ሲወድቁ እጃቸውን ከመሪው አነሱ። ወደ ቤቱ በኩል ዞረው «ፍራውኬ፣ ፍራውኬ» ብለው እማማን ተጣሩ። አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተገለበጠ፤ የታረሰው መሬት መጥቶ ግድግዳውን ሞላው፤ ከዚያ ጨለመ።

ጋሽ ጎሴና ጋሽ ዱርክ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። «ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኩ፤ ያውም ሥራ ላይ በምናገርበት ድምፅ። ሳቁ ቀጥ አለ። አባባ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ፤ «ለምን?» አሉ። «እንዲያው ለጨዋታ» አልኳቸው። ውሸቴን እንደሆነ ገባቸው፤ እኔም እንደገባቸው ገባኝ። ዓይናቸውን ማየት ስላቃተኝ ስልክ አለብኝ ብዬ ወጣሁና መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ያንን መልእክት ጻፍኩልህ። ሞተር ሲጠፋባቸው መሪ ለቀው ሚስታቸውን ተጣሩ አልኩህ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ? ስጽፍልህ አልከፋኝም። ቶሎ በማወቄ ኮራ ብዬ ነበር።

ሰኞ ቀን የአተር ሾርባ ቀርቦ ሦስታችን ገበታ ላይ ነን፤ ጋሽ ዱርክ መጡ። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ቆመው ቀሩ። እኔን አላዩኝም።

«ሲትሴ» አሉ አባባን፣ «ልጅህ ከኒውዚላንድ ጽፎልኛል። አውሮፕላንህን ይዘህ እንዳትነሳ አድርግልኝ ብሎ ይለምነኛል። ምን ብዬ ልመልስለት?»

አባባ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «እውነቱን ጻፍለት። አባትህ አውሮፕላን የለውም በለው» አሉ።

ወንድሜ፣ ያቺ አውሮፕላን በፋሲካ ተሸጣለች። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በእኛ ጸደይ መጀመሪያ አንድ ቀን አባባ ብቻቸውን በረው ሲመለሱ በሬዲዮ የጠራቸውን ሰው አልሰሙትም፤ የሰሙት ሦስተኛ ሲጠራቸው ነው። ምንም አልሆነም፣ ማንም አልተጎዳም፣ ነገሬ ያላቸውም የለም። እሳቸው ግን ከወረዱ በኋላ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው ብዙ ቆዩና ቤት መጥተው ለእማማ ነገሯቸው። በማግስቱ ለጋሽ ዱርክ ገዢ ፈልግልኝ አሏቸው። ለእኛ እንዳይነገር እማማን አደራ አሉ። አፍረው ነው። እኛ እዚህና እዚያ ሆነን አባታችንን እንዴት ከሰማይ እናውርዳቸው ብለን ስንዶልት እሳቸው በራሳቸው እግር ወርደው ነበር። በረቱንም በዚያ ጥድፊያ የጨረሱት ለዚህ ነው፤ ሌላ የቀራቸው ነገር የለም።

እኔ ግን እዚያም ላይ አላበቃሁም። አፍ አያርፍም መቼስ፣ «ታዲያ ቅዳሜ እማማን ለምን ተጣሩ?» ብዬ ጠየቅሁ። የመለሱልኝ እማማ ናቸው።

«የልብስ ማጠቢያውን ስከፍት ፊውዙ ይወድቅና የግራው መርፌ ሁሉ ይሞትበታል። ሁልጊዜ ነው፤ ሳይጠራኝ ያለፈ ቅዳሜ የለም። ዝጊው ይለኛል፣ እዘጋለታለሁ፣ እንደገና ይነሳሉ።»

በእውነተኛ አውሮፕላን ሞተር ሲጠፋ መቀመጫህ ይነግርሃል፤ ሰውነትህ ወደ ጎን ይጎተታል። በረት ውስጥ ግን መርፌ ብቻ ነው የሚወድቀው፤ መርፌ ሲወድቅ ደግሞ እነዚያ ሰዎች ሁሉ መጀመሪያ የሚያስቡት ስለ መብራቱ ነው። ለዚህ ነው የሳቁት። እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ፤ ስለ ልብስ ማጠቢያ የጠየቀ ሰው ላይ ፈርጄ ፍርዴን ባሕር ማዶ ድረስ የላክሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሾርባው ቀዝቅዞ እስኪረጋ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ዱርክ ሲሄዱ አባባን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዝ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ራሴን ፈትኜ ወድቄያለሁ። ማንም ሳይነግረኝ ነው ቁልፉን የሰጠሁት። እዚያ በረት ውስጥ ግን የምወድቅበት ነገር አልነበረም።» ከዚያ ተነስተው ዶሮዎቹን ሊያበሉ ወጡ። እኔ ወጥ ቤት ሄጄ አለቀስኩ። እማማ ያለቀስኩት ስለደከመኝ መስሏቸው፣ ወይም እንደዚያ ለመምሰል ብለው፣ ሻይ አፈሉልኝ።

አባባ ሳምንቱን ሙሉ በረት አልገቡም። ትናንት ቅዳሜ «አባባ፣ አብረን እንብረር» ብዬ ለመንኳቸው። ወዲያው እሺ ሲሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ልብሳቸውን ሊቀይሩ ወጡ። ሲመለሱ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ የካፒቴንነታቸውን ጥቁር ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን ወልውለው ነው። ዳቦም አይብም አልያዙም። ወንበራቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን ሳያዞሩ «ለመጀመር ይፈቀድልኛል?» አሉኝ።

እንደ ቀልድ ልቆጥረው ሞከርኩ፤ ቀልድ አልነበረም። ከመነሳት በፊት የሚረጋገጠውን እያንዳንዱን ነገር እንደ ተፈታኝ ጮክ ብለው ጠሩ። አንድም አልዘለሉም። ጭኔ ላይ የነበረውን ሰሌዳ አንስቼ መሬት ላይ ባስቀምጠውም አንዱ ነገር መቼ ይጠፋብኝ ይሆን ብለው ሲጠብቁ ይታየኝ ነበር፤ እጃቸው ከእጀታው አልተነሳም፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር ወርዶ ኮሌታቸውን አረጠበው። ጋሽ ጎሴና ጋሽ ዱርክ ከኋላ ቆመው ነበር፤ የማማ ተቆጣጣሪ የለም። አባባ አውሮፕላኑን በነፋስ ውስጥ አመጡትና ጎማው መሬት መንካቱ ሳይታወቅ አሳረፉት። ከዚህ ያማረ ማረፍ ከዚህ በፊት ማየቴን እንጃ። ሁሉን ነገር በየተራው አጠፉ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው «አለፍኩ?» አሉኝ።

ላቅፋቸው ይገባኝ ነበር። «ምን ማለትዎ ነው አባባ» ብዬ መሳቅ፣ ወይም ማልቀስ፣ ወይም ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። አፌ ግን የለመደውን ተናገረ። «አልፈዋል» አልኳቸው፤ በዚያው በሥራ ድምፄ። አባባ አመሰገኑኝ። ጋሽ ጎሴ ኮታቸውን አንስተው ሳይሰናበቱ ወጡ።

ነገ ወደ አምስተርዳም እመለሳለሁ። ስትደውል ስለ አውሮፕላኑ ለአባባ እንዳታነሳባቸው አደራ፤ ራሳቸው ካነሱት ስማቸው እንጂ አታጽናናቸው። ለጋሽ ዱርክም ከኔ የሰማኸው ስህተት እንደነበረ ጻፍላቸው። እኔ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለሰዎች ስህተታቸው የት እንዳለ አሳያቸዋለሁ፤ የራሴን እንዴት እንደማስተካክል ማንም አላስተማረኝም።

ሎሬይንን በእኔ ስም ሳምልኝ። ቲያና የላከችልኝ የበግ ሥዕል ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፏል በላት። ፍሪሶ ትምህርት ቤት መግባቱን ሰምቼ ደስ ብሎኛል፤ ቦርሳው ከእሱ እንደማይበልጥ ተስፋ አደርጋለሁ። እማማ ይስሙሃል፤ ለልጆቹ ካልሲ እየሠሩ ነው፣ የፍሪሶ እግር ምን ያህል እንደሆነ ለክተህ ላክ ብለውሃል። የጋሽ ጎሴንና የጋሽ ዱርክን ሰላምታ አልላክሁልህም፤ ለመጠየቅ አፈርኩ። አባባን ግን ዛሬ ምሳ ላይ «ለዊብረን ምን ብዬ ልጻፍለት?» አልኳቸው። በመስኮቱ ዝናቡን ብዙ አዩና «አባትህ አልፏል ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ። ይኸው፣ ጻፍኩልህ።

ታናሽ እህትህ
ኢምኬ

ኖርደርሜር፣ ፍሪስላንድ
እሑድ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 2023