ከመከለያው ጀርባ ያለው እጅ

ሦስተኛ ወር፣ ቀን 4
ዝናብ። ብሩሾቹን አጠብኩ፣ ቀለም ፈጨሁ። አባባ ሻይ ሊጠጡ ሲኒ ሲያነሱ ግማሹ እጅጌያቸው ላይ ፈሰሰ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆነ። «የጌታ ጉ የሣር ጽሕፈት» እየተባለ በአባባ ስም በየአዳራሹ የሚሰቀለው፣ ያ እንደ ሣር እየተወዛወዘ የሚፈሰው ፈጣን ጽሕፈት፣ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የእኔ ነው። ማኅተሙ ብቻ የእሳቸው። ይሁን... ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ብሩሽ ያስያዙኝ እሳቸው አይደሉ?

ቀን 9
ፓን መጣ። የጽሕፈት ዐዋቂ ነኝ ባዩ። በአዲሱ ድልድይ ሐውልት ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ የሚመርጠው እሱ ነው። እንደ ልማዴ እንግዳ እንዳያየኝ ከመከለያው ጀርባ ቆምኩ። ለናሙና የጻፍኩትን ዘርግቶ አየው።

«አቤት አጥንት፣ አቤት የመስመር ጥንካሬ! ጌታው፣ ይህ የወንድ ክንድ ነው። ሴት ብትጽፈው ሥጋ ብቻ ይሆን ነበር።»

አባባ ሳቁ። ሳቁ! ደሜ ፈላ።

ቀን 10
አልቻልኩም፣ ተናገርኩ። «ድንጋዩ ላይ ስሜ ይግባልኝ።»

«ልጄ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ስለ እኔ ነው ወይስ ስለ እጅዎ?»

ከዛሬ ጀምሮ ቀለም አልፈጭም፣ አልጽፍም ብዬ ወጣሁ።

ቀን 12
ሩዛችንን ለየብቻ በላን።

ቀን 15
እልህ ይዟቸው የሐውልቱን ጽሑፍ ራሳቸው ጻፉ። ብሩሹን በሁለት እጃቸው ይዘው! መስመሩ እንደ አሮጌ የወይን ግንድ ተጣሟል፤ ግን እንዴት ያለ ሕይወት አለው... እኔ እንዲህ መጻፍ አልችልም። ማኅተማቸውን አትመው ለፓን ላኩት። ደስ አለኝ፣ ከፋኝም።

ቀን 17
ፓን ወረቀቱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ መጣ።

«ጌታው፣ በስምዎ የሚነግድ ቀጣፊ አለ! አጥንት የሚባል የለውም። የሴት እጅ መሆኑ ያስታውቃል። ዋናውን ዐይኔ እያየ ይጻፉልኝ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ ብሩሽ ላይ ያጎነበሰን ሰው! እንዲህ ያለ ዐይን ያወጣ ድንቁርና አይቼ አላውቅም። በአባባ ስናደድ ከርሜ ዛሬ ለእሳቸው ተናደድኩ። እሳቸው ግን «ነገ ይምጡ» ብቻ አሉ።

ቀን 18
ፓን ገና ሳይቀመጥ አባባ መከለያውን አጣጥፈው ግድግዳ አስደገፉት። ቀለም መፍጫው አጠገብ ተቀመጡና መፍጨት ጀመሩ። የእኔ ቦታ ላይ! ቀለሙ እየተረጨ ነጩን ወረቀት ነካካው።

«ነይ ልጄ፣ ጻፊ።»

«ጌታው፣ ምን ዓይነት ቀልድ ነው?» አለ ፓን።

«የሴት እጅ ነው ያሉት የእኔ ነው። የወንዱን ክንድ ደግሞ ይኸው አሁን ያያሉ።»

ጻፍኩ። እጄ አልራደም። ፓን ሻዩን ሳይቀምስ ወጣ።

ቀን 26
ፓን የሐውልቱን ጽሑፍ ለሌላ ሰው ሰጠው አሉ። ይስጥ! ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም። ያን ቀን የጻፍኩት ከቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ ጉ ሱዊን ይላል፣ ስሜ። አባባ ጥጉ ላይ የረጩትን ጠብታ አይተው «በንጹሕ ወረቀት ገልብጪው» አሉኝ።

አልገለብጠውም። የእሳቸውም እጅ ያረፈበት ነው።