የአባባ አርጃኖ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሽልኛል? ባልሽስ? ልጆቹስ? ያቺ ትንሿ ጥርስ አወጣች? እኔና ሩፊኖ፣ ልጆቹም ደህና ነን። ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ገባና ወንዙ ሞላ፤ ይህን ደብዳቤ የያዘልሽ ማር ነጋዴም ውኃው እስኪጎድልለት ስንት ጠብቋል። ስለ አባባ ወደ ጠየቅሽኝ እመጣለሁ፤ ብቻ አታጣድፊኝ።

አምና ከማኒላ የመጡትን ተመራማሪዎች ወደ ላይኛው ጫካ የመራቸው እሱ ነው። ያንን ፍሬ እየበላ ዛፍ አናት ላይ የሚውለውን፣ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበትን፣ እንሽላሊት መስሎ ሰው የሚያህለውን አርጃኖ በጣቱ ሲያሳያቸው አለቃቸው ዶክተር ሊጋያ እንባዋ መጣ። በዓለም ላይ ማንም የማያውቀው አዲስ ዝርያ ነው አለችው። አባባ ሳቁ አልቆምልህ አለው። «ልጄ፣ እኔ እኮ ያደግሁት በሱ ሥጋ ነው! ማንም አያውቀውም ካልሽ ታዲያ እኛ የዚህ ጫካ ሰዎች፣ አግታዎቹ፣ ማን ነን?» አላት። እሷም አብራው ሳቀች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ይህንን እወቂልኝ።

ከዚያ አርጃኖው ቁጥሩ ጥቂት ነው፣ እንዳይነካ ተባለ። ሩፊኖ ጠባቂ ሆኖ ተቀጠረ፤ ሸሚዝና ቦቲ ተሰጠው። አባባ «እስቲ ዙርልኝ! ሚስቱን ከወባ ትንኝ ያልጠበቀ ሰው አርጃኖ ሊጠብቅ!» እያለ አሾፈበት። ኮርቶበት ነው። ከታችኛው ሰፈር ባኒስ አንዱን ገድሎ በፖሊስ እስኪወሰድ ድረስ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ባኒስ እስካሁን አልተመለሰም።

አባባን ሳል የጀመረው ከዝናቡ ጋር ነው። ሳንባው ነው፣ ከተማ ውሰዱት ተባልን። ወዳንቺ እንዳናመጣው ወንዙ ከለከለን። የሩዝ አጥሚት ስሰጠው ፊቱን ያዞራል። የአርጃኖ መረቅ ብቻ ይላል፤ እንደ ነፍሰ ጡር አማረው። ሩፊኖን ለመንኩት። «እኔ ከታሰርኩ እናንተን ማን ያበላል?» አለኝ። እውነቱን ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አርጃኖው ራሱ ፍሬውን ፍለጋ ጓሯችን ካለው የፓንዳን ዛፍ ላይ መጣ። አባባ ሰሌኑ ላይ ተኝቶ በበሩ ያየዋል። ዶክተር ሊጋያም ካሜራ የያዙ እንግዶች ይዛ እዚያው ነበረች። ሁሉም ትንፋሹን ዋጠ። አባባ ሳለ። ከእንግዶቹ አንዱ ጠጋ ብሎ፣ በጣም በትሕትና፣ እንስሳው እንዳይደነግጥ ሽማግሌው ትንሽ ቢታገሡልን አለኝ። አባባ ሰምቶ ኖሮ ብርድ ልብሱን አፉ ውስጥ ጠቀጠቀው። ትከሻው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ ግን የለም። አርጃኖው ተረጋግቶ ፍሬውን በላ። እኔ የአባባን ጀርባ አሻሸሁ፤ ሌላ ምንም አላደረግሁም።

እንግዶቹ ሲሄዱ «እሱስ ዛሬ ጠገበ» አለ አባባ።

ሩፊኖ ይህን ሲሰማ ሸሚዙን አውልቆ፣ የአባባን ደጋን ይዞ ወጣ። ሲመለስ የያዘው ዶሮ ነበር። ቀቀልኩትና አርጃኖ ነው ብዬ አቀረብኩለት። አባባ ቀመሰው፣ አየኝ፣ ከዚያ ወደ ሩፊኖ ዞሮ «ይሄንንስ ለዶክተሯ ንገራት፤ እውነትም ማንም የማያውቀው ዝርያ!» አለው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። መረቁን ግን ጨረሰልኝ፤ ለእኔ ብሎ ነው።

እትዬ፣ እልካለሁ ያልሽውን መድኃኒት አትግዢው። እኛ ወንዙን ተሻግረን አዲስ ጎጆ ሠርተናል። የድሮውን ቤት ከነሰሌኑ፣ ከነደጋኑ እንዳለ ትተነዋል። የእኛ ሰው ሞት የገባበትን ቤት እንዲህ ጥሎ እንደሚሄድ አንቺም ታውቂያለሽ፤ እጄ ከዚህ በላይ አልጽፍም አለኝ። ስትመጪ በድሮው ቤት በኩል እንዳታልፊ። ታች መሻገሪያው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።

ፈጣሪ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ለሁላችንም ብርታቱን ይስጠን።

የምትናፍቅሽ ታናሽ እህትሽ