ስትሄጂ በቀኝ፣ ስትመለሺ በግራ

ውድ ወንድሜ ታሂር፣

ይህን የምጽፍልህ መቀሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቁጭ ብዬ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደኝን እየጠበቅኩ ነው። ወንበሬን ስልኬ ላይ መርጫለሁ። አንተ እንዳዘዝከኝ በግራ፣ መስኮቱ ጋ፣ ከክንፉ ፊት።

አንድም ቀን ሳይሳፈር ስለ አውሮፕላን ወንበር እንዳንተ የሚጨነቅ ሰው አይቼ አላውቅም። የማሽላ ማሳህ መሃል ቆመህ አንጋጠህ ሰማይ ስታይ ነው የምትውለው። «ክንፉ ላይ እንዳትቀመጪ፣ አገርሽን ይጋርድብሻል። መጨረሻው ወንበርም ይቅርብሽ፣ ሽንት ቤት ስር ነው። ወደ መቀሌ ስትሄጂ በቀኝ፣ ስትመለሺ በግራ። ቆቦን ታያለሽ ወላሂ!» ትለኝ ነበር። ከጂግጂጋ በመጣሁ ቁጥር የቆርቆሮ ቁራጭህን ይዘህ ማሳው ላይ ትወጣና በፀሐይ ታብለጨልጭልኛለህ። እኔም ከላይ ሆኜ የሚያብለጨልጨው ሁሉ አንተ ይመስለኝና ብቻዬን እስቃለሁ። የጎረቤት ከተሞቹ የሮቢት ጣሪያ ይሁን የዋጃ፣ ማን ያውቃል?

አሁን ስመጣ ግን አልሳቅኩም። አጎታችን ሸረፈዲን ደውለው «እናትሽን ትንሽ አሟታል፣ ነይ» አሉኝ። አዲስ አበባ ስደርስ እሳቸውና ልጃቸው ኡሙሰልማ አብረውኝ ሊሄዱ ትኬት ቆርጠው ጠበቁኝ። ምን ሆና ነው ብል መልሳቸው «አብሽሪ፣ ደህና ናት» ብቻ ሆነ። ያንተ ስልክ ዝግ ነበር። ቆቦ መብራት ጠፍቶ ይሆናል አልኩ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ገብተን ቀኝ መስኮቴን ስይዝ ኡሙሰልማ ጎንበስ አለችና «እታለም፣ መሃል ሁኚልን» አለችኝ።

ክው አልኩ። መሃል ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እናታችን የወንድሟን ሞት ሳትሰማ ከጎብዬ ስናመጣት፣ ሚኒባሱ ውስጥ መሃል ያስቀመጥናት እኔና አንተ ነን። እኛ ዘንድ መርዶ የተደበቀበት ሰው መስኮትም በርም አይሰጠውም። ሲሰማ ራሱን እንዳይጥል በግራና በቀኝ ተይዞ ነው የሚመጣው።

«አልነሳም» አልኳት። አጎታችን ለመኑኝ፣ እሳቸውንም እምቢ አልኩ። መሃል ብቀመጥ እናቴን በእጄ የገደልኳት መስሎ ተሰማኝ። መስኮቱ ጋ እስካለሁ ድረስ ማንም አልሞተም። አስተናጋጇ መጥታ ትኬቴን አየችና ፈረደችልኝ።

የራያ ሜዳ ሲመጣ ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደገፍኩ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ ጎሊና ወንዝ አጠገብ፣ አንድ ነገር ብልጭ ብልጭ አለ። ታሂር፣ ደስታዬን ብታየው! አንተ ማሳ ወጥተህ ከሆነ እናታችን ደህና ናት ማለት ነው። እሷ ታማ ጥለሃት የትም አትሄድም።

«አጎቴ፣ ይዩት! ታሂር ነው! ቆርቆሮውን እያብለጨለጨልኝ ነው!»

አጎታችን አላዩም። በኩታቸው ፊታቸውን ሸፈኑ። ኡሙሰልማ እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና «ያ አላህ» አለች።

ለእናቴ ስፈራ ላንተ መፍራት ረስቼ ነበር። ብድግ ብዬ ኡሙሰልማን ወደ መስኮቱ አሳለፍኳትና መሃል ተቀመጥኩ። ግራና ቀኝ ያዙኝ።

ነገሩን የሰማሁት ከመቀሌ በመኪና ቆቦ ቤት ስደርስ ነው። ቆቦ ጠራራ ፀሐይ ሆኖ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ጎሊናን ሞላው፤ አንተም በሬህን ላወጣ ብለህ ገባህ። እኔ ስደርስ ተቀብረሃል። ማልቀስ ሲያቅተኝ እናታችንን «ቆርቆሮውስ?» አልኳት።

«መቃብሩ ራስጌ ተከልሁት» አለችኝ። «እህቱን ሳይቀበል ቀርቶ ያውቃል እንዴ?»

ከላይ ያየሁት ያ ይሁን የሰው ጣሪያ አልጠየቅኩም። እንዲነግሩኝም አልፈልግም። ግን ዓይኔን ስጨፍን ብልጭ ይላል፤ ስገልጥም አይተወኝም። እፈራዋለሁ፣ ደግሞ እንዳይጠፋብኝ እሰጋለሁ።

ተሳፋሪ እየጠሩ ነው። ከእንግዲህ መሃል ሁኚ የሚለኝ የለም፤ የሚደበቅብኝም አልቀረም። ፀሐይዋ ወጥታለች። በግራ ነኝ ወንድሜ፣ መስኮቱ ጋ፣ ከክንፉ ፊት።

አብለጭልጭልኝ።

እህትህ ኢክራማ