በአውራ ጣቴ ያሳደግሁት ዕዳ

ሰኞ

ለአሰላ ከተማ ነዋሪ በሙሉ፣ ከሁሩታ እስከ ሳጉሬ ላለውም ሕዝብ ይታወቅ ዘንድ፦ የአያ ተሰማ ቀይ አውራ ዶሮ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ መጮኽ አቁሟል። ምክንያቱ አልተገለጸም። ሐዘኑን ሊካፈል የሚመጣ ሁሉ እንቁላል ይዞ ይምጣ።

ይኸንን ቆሜ፣ ጋቢዬን አጣፍቼ፣ በአዋጅ ድምፅ ለዘነበች አነበብኩላት። ዘነበች የልጄ ልጅ ናት። የፊቱን ክፍል ልብስ ስፌት አድርጋ ራሷንም እኔንም ታበላለች። ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። ዛሬ መርፌዋን በከንፈሯ እንደያዘች አንድ ወረቀት ዘረጋችልኝ።

«ይኼስ አባባ? ይኼንንም ያውጁልን።»

የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው። ከሳሽ ባላምባራስ ደጀኔ፣ ተከሳሽ እኔ። የሚፈለግብኝ አራት መቶ ሰማንያ ብር፤ ካልከፈልኩ መያዣው ቤት በሐራጅ ይሸጥ ይላል። ቀጠሮው ዓርብ ሦስት ሰዓት።

አነበብኩት። አጠፍኩት። ምሳዬን በላሁ። ሽሮው ጨው አንሶታል።

ሌላ የሚጻፍ የለም።

ማክሰኞ

የባላምባራስ ሰው መጥቶ የጣሪያችንን ቆርቆሮ ቆጠረ። አንገቱን አቅንቶ በጣቱ ይቆጥራል። «ያ ጥግ ላይ ያለው ያፈሳል፤ እሱን ግማሽ በለው» አልኩት። እውነት መስሎት አመሰገነኝ።

ዘነበች ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ ታየው ነበር። ደንበኞቿ የሚያውቁት ይኸንን በር ነው። ሌላ ቤት የምትከራይበት ገንዘብ የላትም። እኔ እንኳ የሽማግሌ ነገር፣ የሚያስጠጋኝ አላጣም። እሷ ከነመኪናዋ የት ትገባለች?

ዕዳው እንዲህ ነው። የዛሬ ስምንት ዓመት ሚስቴ አስካለ ታመመች። አዲስ አበባ ሐኪም ቤት ልወስዳት ቤቱን አሲዤ ከባላምባራስ መቶ ሃያ ብር ተበደርኩ። በጭነት መኪና ጋቢና አጠገቤ አድርጌ ወሰድኳት። ስንመለስ እሷ ከኋላ ነበረች፣ እኔ ጋቢና። ሾፌሩ መንገዱን ሙሉ ስለ ጎማ ያወራኛል። እኔም ስለ ጎማ አወራሁ።

ከዚያ ወዲህ ሁለመናዬ እንደ ደነዘዘ እግር ነው። አለ፣ እረግጥበታለሁ፣ ግን የኔ አይመስለኝም።

ባላምባራስ በየዓመቱ በጥምቀት ማግሥት አዲስ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ያልተከፈለውን ወለድ ከዋናው ጋር ጠቅልለው ዋና ያደርጉታል፤ በሚቀጥለው ዓመት ያ ደግሞ ይወልዳል። ያነቡልኛል፣ ቀለሙን ያቀርባሉ፣ በአውራ ጣቴ አትማለሁ። ከዚያ አሮጌውን ፊቴ ይቀዱታል። ያ ድምፅ ደስ ይለኝ ነበር። ወረቀቱ በተቀደደ ቁጥር ዕዳው የተቀደደ ይመስለኛል።

በጣቴ የማትመው ፊደል ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ከሳጉሬ እህል በበቅሎ ስጭን፣ አብሮን የሚጓዝ አንድ ዲያቆን በሶዬን እየበላ አስተምሮኛል። ባላምባራስ ግን የመጀመሪያ ቀን «መቼም አንተ የበቅሎ ነጂ ፊደል ከየት ታመጣለህ» ብለው ቀለሙን ገፋ አደረጉልኝ። «ከየት አመጣለሁ ጌታዬ» አልኩ። ከዚያ ቀልዱ ጣመኝ። ደብዳቤ ሲደርሰኝ ዘቅዝቄ ይዤ «ደኅና ነን ይላል?» እላቸዋለሁ። ያዝኑልኛል። ቤት ገብቼ ከዘነበች ጋር እንስቃለን። የዚህ ቤት ሳቅ ይኸው ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ጊዜ ግን ሲያነቡ «ሁለት መቶ አርባ» አሉ። ወረቀቱ ላይ አራት መቶ ሰማንያ ተጽፎ አየሁ። ቀልዴ እንዳይበላሽ ዝም ብዬ አተምኩ። ዛሬ ይኸንን ለዘነበች ነገርኳት። «ሌባ!» አለች፤ መቀሱን ወረወረችው።

ረቡዕ

ከድር ዘንድ ሄድኩ። ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ጥዱ ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፍ ልጅ ነው። አማርኛውም ኦሮምኛውም ከአፉ እንደ ውኃ ይወርዳል።

«ያ ጃርሳ፣ አንቱ ሽማግሌ! ዛሬ ማንን ሊከሱ መጡ? ዶሮዎን?» አለኝ። ዘነበች ወሬውን አድርሳዋለች።

የውሉን ግልባጭ ሰጠሁት። አሻራዬን በእርሳሱ ጫፍ ነካ ነካ አደረገ።

«ይኼ ሲታተም ማን ነበረ?»

«እኔና ባላምባራስ። ዶሮውም ነበረ።»

«ዳኛ፣ ሬጅስትራር፣ ማንም የለም?»

«ዶሮው አልኩህ እኮ።»

ከድር ሳቀና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለ። በአዲሱ ሕግ ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ እንዲህ ያለ ሹም ፊት ካልታተመ ሰውየውን አያስረውም አለ። «ወላሂ አባባ፣ ይኼ ወረቀት ወረቀት አይደለም። ዳኛው ሲጠይቅዎ አንዲት ቃል ብቻ፤ ማንበብ አላውቅም። ቤትዎ ቤትዎ ነው።» ሽልንግ ተቀበለኝ።

ዘነበች ስትሰማ እየዘፈነች ጨርቅ ቆረጠች። ስሜ ተሰማ ነው፤ የሚሰማኝ ነገር ግን የለም።

ለዓርብ፦ ንጹሕ ጋቢ። ከዘራ። መነጽር ቤት ይቅር። በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አለማየት። አፍ መዝጋት (ይኼ ይከብዳል)።

ሐሙስ

አለማንበብ ለካ ሥራ ነው። ገበያ ወጣሁ፤ የየሱቁ ጽሑፍ ሳልጠራው ዓይኔ ውስጥ ይገባል። ዘነበች ዳኛ ሆና ፈተነችኝ። «ሀራጅ» ብላ ጽፋ ፊቴ ደቀነችው። «ይኼ ምን ይላል?»

«በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው» አልኳት።

ጭንቅላቷን ያዘች።

ከሰዓት በኋላ ባላምባራስ ራሳቸው መጡ። ዘነበች ወንበር አላቀረበችም፤ እኔ አቀረብኩ። አርጅተዋል። ትንፋሻቸው ያፏጫል።

«አያ ተሰማ፣ መጥሪያው ደርሶሃል?»

«ደርሶኛል። ደኅና ነን ይላል?»

አልሳቁም። «አምጣው ላንብብልህ» አሉ። «ሳይገባህ ቀርቶ እንዳይፈረድብህ። ሙግት ሙግት ነው፤ ግን ያልሰማኸው ነገር እንዲመጣብህ አልፈልግም።» መነጽራቸውን ጠርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡልኝ። ቀስ ብለው። አራት መቶ ሰማንያውን ሁለት ጊዜ ደገሙት። ቀጠሮውን «ዓርብ፣ ሦስት ሰዓት፣ በጠዋቱ» ብለው በጣታቸው ቆጠሩልኝ፣ ለሕፃን እንደሚቆጠር። ገንዘባቸውን እንደሚፈልጉ ግን አልሸሸጉም፤ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አይተውት ነው የወጡት።

ዘነበች «አስመሳይ» አለች።

እኔ ሻይ ጠጣሁ።

ዓርብ

ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ከድር በር ላይ ቆሞ በዓይኑ «አንዲት ቃል» ይለኛል። ዘነበች የበዓል ቀሚሷን ለብሳለች።

ዳኛው ወጣት ናቸው። ወረቀቱን አነሡ። «አባባ፣ ማንበብና መጻፍ ያውቃሉ?»

ቃሏ ምላሴ ላይ ነበረች። ሁለት ቀን አጥንቼያታለሁ።

«አውቃለሁ ጌታዬ» አልኩ።

ከድር ግንባሩን መታ። ባላምባራስ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ስምንት ዓመት! ስምንት ዓመት ጉሮሮዬ እስኪደርቅ ያነበብኩልህ!» ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። ዳኛውም በወረቀቱ ፊታቸውን ከለሉ። በሕይወቴ ትልቁ ቀልዴ ነው፤ አልሳቅሁም።

ዳኛው ሳቁ ሲበርድ ወለዱን አዩት። መቶ ሃያ ብር በምን መንገድ አራት መቶ ሰማንያ እንደገባ ባላምባራስን ጠየቁ። ባላምባራስ ተንተባተቡ። ለሽማግሌ ተመራን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስንወጣ ስንመለስ ዋልን፤ በመጨረሻ መቶ ሃያው ዋና፣ ሌላ መቶ ሃያ ለስምንቱ ዓመት ተባለ። ግማሹ አሁን፣ ግማሹ እስከ መስቀል። ካለፈ ቤቱ ይሸጣል።

አሁን የሚከፈለው ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሽያጭ ይወጣል። ባላምባራስ ሲወጡ ትከሻዬን ሊነኩ እጃቸውን ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት።

ዘነበች ከኋላዬ ሄደች እንጂ አጠገቤ አልሄደችም።

ቅዳሜ

ጠዋት ባሕር ዛፉን ቆረጡት። አሥራ አንድ ግንድ። አሁን ከመስኮቴ የጭላሎ ተራራ ይታያል። ቀዝቃዛ ነፋስም ይገባል።

አዲሱን ወረቀት በእጄ ፈረምኩ። ተሰማ ወልደየስ። «የ»ዋ ተጣመመች። ባላምባራስ ፊርማዬን ረጅም ጊዜ አዩትና «ጽሕፈትህ ከእኔ ይሻላል» አሉ። ተቆጥተው ይሁን አዝነው አልለየሁም።

ዘነበች እስከ መስቀል መቶ ሃያ ብር ለመሙላት የዩኒፎርም ሥራ ለመጠየቅ ወጥታለች። ከመውጣቷ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችኝ። «ሁለት መቶ አርባ ብሎ አታልሎ ያሳተመህን ሰው ነው ያዳንከው፤ ለምን?»

«እርስዎ» የምትለኝ ልጅ ዛሬ «አንተ» አለችኝ።

መልሱን እዚህ ልጻፈው፤ ስትመለስ ደብተሩን ክፍት አድርጌ ማሽኗ ላይ አኖርላታለሁ። ካልፈራሁ።

ማክሰኞ ዕለት ከጻፍኩት አንዱ ፈጠራ ነው። ቆርቆሮ ቆጣሪው እውነት ነው፤ ዲያቆኑም፣ በሶውም፣ ጋቢናውም። ባላምባራስ «ሁለት መቶ አርባ» ማለታቸው ግን የኔ ነው። የሚከሰስ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ምን ብለው እንዳነበቡ አላውቅም። ስምንቱንም ዓመት ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ጣቴን ቀለም ነከርኩ።

አልሰማሁም።