ለመሪዎች የጸለይኩት ጸሎት

እሑድ፣ ኦክቶበር አጋማሽ

የአሜሪካ ኮንግረስ ሁለቱ ፓርቲዎች በመንግሥት በጀት ላይ ሳይስማሙ ለዊክኤንድ ወደየቤታቸው በረሩ። በጀት ስላልጸደቀ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ቆሟል፤ እኔም ሳንሆዜ ኤርፖርት ያለ ደመወዝ የመንገደኛ ሻንጣ ስፈትሽ ሰነበትኩ። የአንዱ ፓርቲ መሪ በጩኸት ይመራል፣ የሌላው በፈገግታ፤ ቁጭ ብሎ የሚነጋገር ግን የለም።

ዛሬ ቸርች ፓስተራችን፣ "እህቴ፣ ለአገር መሪዎች የመጸለይ ተራው ያንቺ ነው" አሉኝ። እየተናደድኩ ተነሳሁ።

"ጌታ ሆይ፣ ጥበብ ስጣቸው።"

"አሜን።"

"ትዕግሥት ስጣቸው።"

"አሜን።"

ከዚያ በኋላ አፌን መያዝ አቃተኝ። "እስኪስማሙ ድረስ የእነሱንም ደመወዝ ያዝባቸው።"

ሕዝቡ እንደ ልማዱ "አሜን" አለ። ከሁሉም በላይ የተሰማው የፓስተሩ ድምፅ ነበር።

ስንወጣ በር ላይ ጠብቀው፣ "እንዲህ ተብሎ ይጸለያል?" አሉኝ።

"እርስዎም አሜን ብለዋል" አልኳቸው።

ንዴቴ ግን አልበረደም። ነገም ሺፍት አለኝ።