“አልነካም” ብለው ለጻፉት የዊንች ሠራተኛችን

የባሕር ጥናት ተቋማችን፣ በምርምር መርከቡ የዊንች ሠራተኛ፣ በኋላም የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ሆነው ለሃያ ስድስት ዓመታት ያገለገሉት ባልደረባችን ባደረባቸው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ማረፋቸውን የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። በኀፍረትም ጭምር ነው።

ሥራ በጀመሩ በዘጠነኛው ዓመት፣ ከወደባችን ፊት ለፊት ያለው የባሕር ሥር ሸለቆ ጥልቀት ሲለካ ገመዱን በዊንቹ ጥቅልል ወደ ታች የሚለቁት እሳቸው ነበሩ። በዕለቱ ቅጽ ላይ “1,200 ሜትር፤ ገመድ አለቀ፤ አልነካም” ብለው በእጃቸው አሰፈሩ። እኛ ደግሞ የውኃው ፍሰት ገመዱን አጋድሞት ነው ብለን መስመሩን ሰረዝን፤ በግራና በቀኙ ያሉትን ልኬቶች አይተን 900 ጻፍንበት። እሳቸው፣ ገመድ ወለል ሲነካ እጅ ያውቀዋል ብለው ድርቅ አሉ። “አልነካም” የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን። በየኮሪደሩ ስናገኛቸው “ዛሬስ ነካ?” እያልን ስቀንባቸዋል።

በአሥረኛው ዓመት ወደ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ዝውውሩን የጠየቁት እሳቸው አልነበሩም።

ከዚያ ወዲህ የባሕሩ ወለል ካርታ በታደሰ ቁጥር፣ የተሰረዘው መስመር እንዲመለስ ግማሽ ገጽ ማመልከቻ አስገብተዋል፤ በድምሩ ሰባት ጊዜ። በሰባቱም ኅዳግ ላይ የጻፍነው “ይታያል” የሚል ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት በአዲስ መሣሪያ ስንለካ ሸለቆው እዚያው ቦታ ላይ 1,640 ሜትር ሆኖ ተገኘ። ወደ ታች የላክነው ካሜራ በገደሉ ግድግዳ ላይ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ነጭ ኮራል፣ ሰው የሚያህል ሰፍነግ፣ በየስንጥቁ እንቁላላቸውን የሚጠብቁ ኦክቶፐሶች አሳየን። ዓሣ ነባሪዎች በየዓመቱ ለምን እዚያ እንደሚሰበሰቡም ያኔ ገባን፤ ከሸለቆው የሚወጣው ቀዝቃዛ ውኃ ምግባቸውን ወደ ላይ ያመጣላቸዋል። ግኝቱን በአዳራሻችን ስናበሥር ወንበሮቹን ከግምጃ ቤት አውጥተው የደረደሩት እሳቸው ነበሩ። ስማቸውን የጠራ አልነበረም። ሲያልቅ ወንበሮቹን መልሰው፣ ቆልፈው ሄዱ።

ባልደረቦቻችን ለማጽናናት ቤታቸው በሄዱ ጊዜ ባለቤታቸው “ለመሆኑ ያ ማመልከቻቸው ታየ?” ብለው ጠየቁ። ባልደረቦቻችን ጥያቄውን ይዘው ወደ ተቋሙ ተመለሱ።

ተቋሙ ትናንት ባደረገው አስቸኳይ ስብሰባ መስመሩ በነበረበት እንዲመለስ ወስኗል፤ አዲሱ ካርታም የሸለቆውን ጥልቀት ቀድመው ያወቁት እሳቸው መሆናቸውን ይዞ ይታተማል። ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸውና በመርከቡ ላይ አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን፤ ይቅርታም እንጠይቃለን።

ለባለቤታቸው ጥያቄ መልሳችን ይኸው ነው፦ አዎን፣ ታይቷል። እሳቸው ግን ሳያዩት ሄዱ።